ኢየሱሳውያን፣ መኳንንትና ከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ

በስፓኝና በስፓኝ ግዛት ሥር በነበሩት አገሮች ዩኒቨርሲቲ፣ መኳንንትና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተሳስረው የኖሩ ናቸው። የሊማና የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም በ1551 በንጉሣዊ ዐዋጅ ተመሠረቱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1536 በሜክሲኮ ትላቴሎልኮ በተባለው ስፍራ የፍራንሲስካውያን ማኅበር የአገሬውን መኳንንት ልጆች የሚያስተምርበት ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። የዘዴው መሠረት «የገዢውን ቤት ያስተማረና ያሳመነ ሕዝቡን ያገኛል» የሚል ነው። ይኸው ዘዴ በኢትዮጵያም ተሞክሯል።

በ1564 በስፓኝ የተወለዱት ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ በጉዞ ላይ ተማርከው በየመን ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ከቆዩ በኋላ በ1603 ምጽዋ ደረሱ። በዐድዋ አቅራቢያ በምትገኘው በፍሬሞና ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ ተማሩ፤ ሕፃናትንም አስተማሩ። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ፊት በቀረቡ ጊዜ ስለ ሃይማኖት ለቀረበው ጥያቄ ደቀ መዛሙርታቸው መልስ ሰጡ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ንጉሡም በ1622 እምነታቸውን በይፋ ገለጡ። አባ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ዐረፉ።

ፓኤዝ በትዕግሥትና በቋንቋ የሠሩትን፣ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በትእዛዝ ለመፈጸም ተነሡ። ምእመናን ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ ካህናትም ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ አዘዙ። ሆኖም አገሪቱ የራሷ የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤቶች ያሏት ስለነበረች ትእዛዙ የሊቃውንቱን ክብር የሚነካ ሆነ። ባላገሩም ዐመፀ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በቤተ መንግሥት ፈቃድ ብቻ የቆመው ትምህርት ፈቃዱ ሲነሣ አብሮ ወደቀ።

ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ኢየሱሳውያን በሌላ ውል ተመለሱ። በ1945 ከካናዳ የመጡት መምህራን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ። ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተወስኖ ስለነበር የካህናት ልብስ ሳይለብሱ እንደ ማናቸውም መምህር አስተማሩ። በ1950 በሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ማስተማርና ማሳመን ስለተለያዩ በዚህ ጊዜ ኮሌጁን ባዕድ ሃይማኖት ነው ብሎ የሚያባርር አልተነሣም።

የመኳንንቱ ጥላ ግን አልራቀም። በ1960 መጨረሻ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተገደሉ። በማግሥቱ ዓመት ቤተ መንግሥቱ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1962ም ከመኳንንት ወገን የሆኑት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዳሩ ግን በ1965 የዚሁ ተቋም ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የባላባቱን ሥርዓት መሠረት የሚነካ ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ። ሥርዓቱ ወድቆ በ1975 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲሰየም ተቋሙ ደጋፊዎቹን አልፎ ኖረ።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የባለሥልጣን ድጋፍ ትምህርት ቤትን ሊያስከፍት ይችላል፤ ሊያጸናው የሚችለው ግን የሕዝቡን ዕውቀትና እምነት አክብሮ ማስተማር ነው። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መምህራን ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆናቸው ተማሪዎቻቸውን ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ወስደው «ይህ ቤት ለማን ተሠራ? ዛሬስ ማን ይማርበታል?» ብለው ቢጠይቁ፣ ታሪኩ ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በዐይን የሚታይ ትምህርት ይሆናል።