ራስ ደጀን ወይስ ራስ ዳሸን?

የዛሬው ንባባችን ስለ ተራራና ስለ ካርታ ነው። ካርታ ማለት በወረቀት ላይ የተሳለ የአገር መልክ ነው።

በነፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ ሰዎች ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትመለከቱ የፉሪን ተራራ ታያላችሁ። ፉሪ የሚለውን ስም ያወጣው ካርታ አይደለም። ስሙን ሰው ሲጠራው ኖረ፤ ካርታ ሠሪው ሰምቶ ጻፈው።

በምድር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አንታርክቲካ የሚባል በበረዶ የተሸፈነ ምድር አለ። ከበረዶው መሐል የድንጋይ ተራሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ነባር ሕዝብ ስለሌለ፣ ለተራሮቹ ስም ያወጡላቸው አሳሾችና ካርታ ሠሪዎች ናቸው።

የእኛ ተራራ ግን ጠሪ አለው። በአገራችን ረጅሙ ተራራ በስሜን የሚገኘው ራስ ደጀን ነው። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚረዳ ጦር፣ መከታ ማለት ነው።

አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ተራሮችን ለካ። እንዴት ለካ? ከአንዱ ተራራ ላይ ቆሞ ሌላውን በመሣሪያ እያነጣጠረ አቅጣጫውን መዘገበ። ከፍታውን ደግሞ በፈላ ውኃ አወቀ። ውኃ በደጋ ሲፈላ ሙቀቱ ከቆላው ያንሳልና፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንደፈላ አይቶ ከፍታውን አሰላ። ሰውየው ቋንቋችንንም ተምሯል፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል።

ይሁን እንጂ የተራራው ስም በባዕድ ፊደል ሲጻፍና ሲገለበጥ «ዳሸን» ሆነ። ብዙ የውጭ ካርታዎችም ይህንኑ አተሙ። በመጨረሻ ስሙ ተመልሶ ወደ እኛው አፍ ገባ። ዛሬ ብዙ ሰው «ዳሸን» ሲል ትሰማላችሁ።

ቁጥሩም ተሳስቶ ነበር። መጻሕፍት ለብዙ ዘመን 4,620 ሜትር ይሉ ነበር። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ 4,550 ሜትር ያህል ሆነ። ቁጥርን መሣሪያ ያርመዋል። ስምን የሚያርመው ግን ስሙን የሚያውቅና መጻፍ የሚችል ሰው ነው።

እንግዲህ እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል። በሰፈራችሁ ያለውን ጉብታና ወንዝ ሽማግሌዎች ማን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁ። የሰማችሁትን ሳታጣምሙ በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።