ልጅ አራርቆ መውለድ፦ ከሶሃባዎች ዘመን እስከ ጤና ኬላ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ፣ በአደባባይ ግን ብዙም የማይነሳ ነው። ባለትዳር እህቶቻችን ልጅ አራርቀው እንዲወልዱ የረዷቸው፣ ወይም የከለከሏቸው ነገሮች ምን ነበሩ?

ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መዘዞን እናስብ። ከተራራው በታች፣ በስተምሥራቅ፣ የጥንቱ የኢፋት ምድር ተዘርግቷል። በደጋውም ሆነ በቆላው፣ ክኒንና መርፌ ከመምጣታቸው በፊት ልጅን ከልጅ የሚያራርቀው በአብዛኛው የእናት ጡት ነበር። ሕፃኑ አዘውትሮ ሲጠባ የእናትየው የወር አበባ ይዘገያል፤ ፅንሱም እንዲሁ። (ይህ የሚያስተማምነው ግን ሕፃኑ ጡት ብቻ በሚጠባበት፣ የወር አበባም ባልተመለሰበት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው።)

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ጡት ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት አድርጎታል። ከዚያ በፊት ማስጣል ቢያስፈልግ ወላጆች ተማክረውና ተስማምተው እንዲሆን አመላክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ልብ በሉ፣ አንቀጹ የባልንም የሚስትንም ድምፅ ጠይቋል።

ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሶሂህ ሐዲስ ሶሃባዎች ቁርኣን እየወረደ በነበረበት ዘመን ዐዝል፣ ማለትም ዘርን ከማህፀን ውጭ ማፍሰስ፣ ያደርጉ ነበር። ኢማም አል-ገዛሊም ዐዝልን የተፈቀደ አድርገው ተንትነዋል። በዘመናችን ደግሞ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ያለ አስገዳጅ ምክንያት መውለድን ለዘለቄታው ማቆምን ከልክሎ፣ ጉዳት በሌለው መንገድና በባልና ሚስት ስምምነት ማራራቅን ፈቅዷል። እንግዲህ «ዲናችን ጨርሶ ይከለክላል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

በሀገራችን እንኳን ዲኑ፣ ሕጉም ለረጅም ጊዜ ጠበቅ ያለ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያ ማስተዋወቅን ያስቀጣ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው ይህ ሕግ እያለ በ1958 ዓ.ም ነው። የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በመከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበሩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የሴቶች መብት ሆኖ ተጻፈ። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው ሲመደቡ ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ ለአንድ መርፌ ቀኑን ሙሉ ትጓዝ የነበረች እናት አገልግሎቱን በሰፈሯ ማግኘት ጀመረች። በአገር አቀፉ ጥናት በ1992 ዓ.ም ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 8ቱ፣ በ2008 ዓ.ም 36ቱ ተጠቃሚ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 47 ደርሰዋል።

ርቀቱ ብቻ አይደለም። የተማረችና በከተማ የምትኖር ሴት የበለጠ ትጠቀማለች። ልጆቿ እንደሚያድጉላት የተማመነች እናትም ለማራራቅ አትፈራም፤ በ1992 ዓ.ም ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ድሮ ብዙ መውለድ ከዚህ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነበርና እናቶቻችንን ባንወቅሳቸው ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የባል ነገር ነው። በሀገራችን መርፌው በብዛት ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ ባል ሳያውቅ መወሰድ መቻሉ ነው። ሚስት መደበቋን የሚኮንን ሰው ብዙ ነው፤ ለመማከር በር የዘጋውን ባል ግን ማን ይጠይቀዋል? በድብቅ የምትወስድ እናት ደሟ ሲዛባ ወይም ራሷን ሲያማት የሚያማክራት የላትም፤ ያኔ መድኃኒቱን በድንገት ታቋርጣለች፣ ሳታስበውም ታረግዛለች።

ጡት የምታጠባ እህት ጤና ኬላ ስትሄድ የሕፃኗን ዕድሜ ትናገር። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለው ክኒን ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ወራት ለምታጠባ እናት አይመከርም፤ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ክኒንና በክንድ የሚቀበረው ግን ከ6 ሳምንት በኋላ ያለ ችግር ይሰጣል። ባልየውም አብሮ ቢሄድ የሚከለክለው የለም።