ከቁማር ሜዳ ወደ ሳሎን፦ የቤታ ዓሣ ታሪክና የመሰላቸቱ ጥያቄ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ የቤት እንስሳት መሸጫ ገብታችሁ ከሆነ ሳታዩት አትቀሩም። ክዳን ያላቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻውን አለ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ ክንፉ እንደ ጥለት የተንዠረገገ። ልጅ ይዞ የገባ ወላጅ ባዶ እጁን መውጣት ይቸግረዋል። ሻጩም «ይሄ እኮ ብዙ ቦታ አይፈልግም፤ ብቻውን መኖር ነው የሚወደው» ብሎ ያግዛል። ዓሣው ቤት ይገባና ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከታች ተኝቶ መዋል ይጀምራል። «ደብሮት ይሆን እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ኩባያው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩባያውን ያመጣው የዓሣው ፍላጎት ሳይሆን ቁማር ነው።

ቤታ መነሻው የዛሬዋ ታይላንድና አካባቢዋ ነው። የሚኖረው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ቅጠል በሞላበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ረግረግ፣ ቦይ፣ የሩዝ ማሳ። እንዲህ ያለ የተኛ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል። ስለዚህ ቤታ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል፤ ራሱ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ አካል አለው። የእኛም አምባዛ ተመሳሳይ ብልሃት ስላለው ነው ከውሃ ወጥቶ ቶሎ የማይሞተው። ቤታን ጠርሙስ ውስጥ ያቆየውም ይኸው ችሎታ ነው። ሰው ግን «አይሞትም» የሚለውን «ተመችቶታል» ብሎ ተረጎመው።

በተፈጥሮ ቦታው ወንዱ ቤታ ሥራ የሚበዛበት ፍጥረት ነው። የራሱን ግዛት ይዞ ይጠብቃል፣ የትንኝ እጭና ጥቃቅን ነፍሳት ያድናል፣ ውሃው ላይ በአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ የጣለችውን እንቁላል በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ያስቀምጣል፤ የወደቀውን መልሶ ያነሣል፤ እስኪፈለፈል ድረስም ዘብ ይቆማል። ሌላ ወንድ ከመጣ ይጣላሉ፤ ጠቡ ግን አጭር ነው። የተሸነፈው መሸሻ ቦታ አለው።

ሰው ያበላሸው ይህንን መሸሻ ነው።

የአገሬው ሰዎች ዓሣውን «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ሰው ቤታን ማላመድ የጀመረው ቢያንስ ከ1,000 ዓመት በፊት ነው። ለረጅም ዘመን የተመረጠው ለውበቱ ሳይሆን ለጠበኛነቱ ነበር። የማይሸሸው ከማይሸሸው ጋር እየተዳቀለ፣ በደቂቃዎች ያልቅ የነበረው ጠብ ሰዓታት የሚፈጅ ሆነ። ልብ በሉ፤ ውርርዱ የግድ በሞት አያበቃም ነበር። ፊቱን አዙሮ የሸሸው ተሸናፊ ነው። ሰው ገንዘቡን ያስያዘው በዓሣው ጥርስ ብቻ ሳይሆን በልቡም ላይ ነበር ማለት ነው።

የዴንማርኩ ሐኪም ቴዎዶር ካንቶር በ1849 ስለ አካባቢው ዓሦች ሲጽፍ ሲያም ውስጥ ያለውን የዓሣ ፍልሚያ ከማሌዎች የአውራ ዶሮ ፍልሚያ ጋር አነጻጽሮታል። ሰዎች ብዙ ገንዘብ እንደሚያስይዙ፣ አንዳንዴም ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ጭምር እንደሚያስይዙ መዝግቧል። ፍልሚያ የማሳየት ፈቃድ በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ለንጉሡም በየዓመቱ ዳጎስ ያለ ገቢ ያስገኝ ነበር። መንግሥት የሚወደው ሱስ ሁልጊዜ ግብር የሚከፈልበት ነው! በ1935 የወጣው የአገሪቱ የቁማር ሕግም የዓሣ ፍልሚያን በፈቃድ ከሚካሄዱ ጨዋታዎች መድቦታል።

ወደ ኩባያው እንመለስ። አሠልጣኞቹ ተፋላሚዎቹን በየጠርሙሱ ለየብቻ ያስቀምጡ ነበር፤ ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከሆኑ ይቦጫጨቃሉና። ጠርሙሶቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ደግሞ በመሐላቸው ወረቀት ወይም ቅጠል ይጋረድ ነበር፤ ሲተያዩ ከዋሉ ጉልበታቸው በከንቱ ያልቃል። ለልምምድ ጊዜ መጋረጃው ለጥቂት ጊዜ ይነሣል፣ ተያይተው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ እንደገና ይጋረዳል። ውሃውን አዙረው ከሞገድ ጋር እንዲታገል ያደርጉታል። የደረቀ የዛፍ ቅጠል ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፤ ቁስል ያደርቃል፣ ቅርፊት ያጠነክራል ብለው።

እነዚህ ሰዎች ለእንስሳው አዝነው አልነበረም ይህን ሁሉ ያደረጉት። ግን ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ ያስቀመጠ ሰው የረሳውን ነገር ያውቁ ነበር፦ ዓሣው ያያል፣ ይለያል፣ የሚያየው ነገር ይለውጠዋል። ሳይንስ ይህንን በራሱ መንገድ የደረሰበት በኋላ ነው። በ1963 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ቤታ ሽልማቱ ምግብ ሳይሆን መስታወት ውስጥ የራሱን ምስል ማየት ብቻ ቢሆን እንኳ አንድን ተግባር እንደሚማር አሳየ። ለማየት ሲል ይሠራል ማለት ነው።

ዓሣው ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲሻገር ፍልሚያው ቀረ፣ ጠርሙሱ ግን አብሮ ተሻገረ። መጋረጃውም ልምምዱም ቀሩ፤ የተረፈው ጠባቡ ክፍል ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ዓሣውን አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከትቶ ከላዩ ተክል መትከል ፋሽን ሆነ። «ሥሩን እየበላ ይኖራል» ተባለ። ቤታ ነፍሳት በል ነው፤ ሥር አይበላም። ተክሉ አፉን የዘጋው ማስቀመጫ ደግሞ አየር የሚስብበትን ቦታ ያጠብበታል።

በትውልድ አገሩ ክብሩ እየጨመረ ነው የሄደው። በ2016 የታይላንድን ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች የያዘ አንድ ቤታ በኢንተርኔት ጨረታ 53,500 ባት ተሸጧል። በ2019 የአገሪቱ ካቢኔ ቤታን ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ ሰየመው። ብሔራዊ ምልክት መሆን ከኩባያ አያወጣም እንጂ፣ መቼም ከምንም ይሻላል።

እንግዲህ «ምን ላድርግለት?» ለሚል ሰው የማዝናኛ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ቦታውን ይስጠው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ብዙ ጊዜ ወደ 20 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይመክራሉ፤ የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ክዳን ያለው፣ ግን በውሃውና በክዳኑ መካከል አየር የቀረለት። ቀጥሎ የሚመረምረው ነገር ያስፈልገዋል፦ ሕያው ተክል፣ የሚገባበት ዋሻ፣ የሚደበቅበት ጥግ። ምግቡን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከመጣል ቦታውን መለዋወጥ ወይም አልፎ አልፎ የሚያድነው ሕያው ነገር መስጠት ይቻላል። ጣትን ተከትሎ እንዲዋኝ ማስተማርም ይቻላል፤ ማን እንደሚመግበው ቶሎ ይለያል።

መስታወት ለሚያሳዩት አንድ ነገር ልበል። ዓሣው ክንፉን ሲዘረጋና የመተንፈሻ ክዳኑን ሲነፋ ለእኛ ትርኢት ነው፤ ለእሱ ግን ግዛቱን የደፈረ ጠላት ፊቱ ቆሟል፣ ያውም የማይሸነፍና የማይሸሽ ጠላት። በቀን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታሳዩት። የገንዳው መስታወት ራሱ ምስሉን እያንጸባረቀ ቀኑን ሙሉ ሲጣላ የሚውል ከሆነም መብራቱን ቀንሱ ወይም ያንን ጎን በወረቀት ጋርዱት።

ረጅም ክንፍ ያለው ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይደክመዋል፤ ያን ክንፍ ያስረዘመው የሰው ምርጫ ነው። አየር ለመሳብ ሩቅ መዋኘት እንዳይጠበቅበት ከውሃው ወለል ሥር ሰፋ ያለ ቅጠል አድርጉለት፤ እዚያ ላይ ጋደም ብሎ ሲያርፍ ታዩታላችሁ።