የባንድ ሶው ምላጭ ውጥረት

የባንድ ሶው ምላጭ ውጥረት፣ በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ ተጠምጥሞ በሚዞረው ጥርሳም ብረት ላይ፣ ላይኛው መዘውር በቪቴና በሞላ ወደ ላይ ሲገፋ የሚያድርበት ኃይለ ስሕበት ነው። ከልኩ ሲያንስ ምላጩ በእንጨቱ ውስጥ ይዋልላል፤ ሲበልጥ ይሰነጠቃል፣ ኩሽኔታውንም ያለ ጊዜው ያስረጃል።

ጥንተ ነገሩ

የመጋዙ ፈጣሪ ማን እንደ ሆነ ጸሐፊዎች አንድ ቃል አይናገሩም። ክብሩን ለእንግሊዛዊው ለዊልያም ኒውቤሪ የሚሰጡት፣ በ1808 እ.ኤ.አ. በለንደን የፈጠራ መብት ማስመዝገቡን ለምስክርነት ሲያቀርቡ፣ ሌሎቹ ግን በወረቀት የሰፈረ ሐሳብና ግንድ የሚቈርጥ መሣሪያ አይመዛዘኑም በማለት፣ በ1846 የምላጩን ሁለት ጫፎች የማጋጠሚያ ዘዴ እንዳስመዘገበች የሚነገርላትን ፈረንሳዊቱን አን ፖሊን ክሬፐንን ያስቀድማሉ፤ መብቱንም የፓሪሱ የፔረን ኩባንያ ገዝቶ፣ ብረቱን አሻሽሎ፣ መሣሪያውን ለገበያ እንዳበቃው ይተረካል። ውጥረትን ለሚመረምር አንባቢ የሁለተኛው ወገን አስተያየት ይበልጥ የሚመች ይመስላል፤ የኒውቤሪ መጋዝ ሳይስፋፋ የቀረው ሐሳቡ ጐድሎ ሳይሆን፣ የዘመኑ ብረትና መገጣጠሚያው መወጠርንና መተጣጠፍን በአንድነት መሸከም ስለ ተሳነው ነውና። ውፍረቱ 0.6 ሚሊሜትር የሆነ ምላጭ፣ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲሜትር በሆነ መዘውር ላይ ሲታጠፍ፣ በውጭ ገጹ በካሬ ሚሊሜትር 20 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ያርፍበታል፤ ይህም ከተራው ውጥረት እጥፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

ልኩ

ለተራ የካርቦን ብረት ምላጭ በካሬ ሚሊሜትር 10 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ጥርሱ ከሌላ ጠንካራ ብረት ተበይዶ ለተሠራው ደግሞ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ግራም እንዲሆን ይመከራል። ስፋቱም ከጥርሱ ሥር እስከ ጀርባው ተለክቶ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.6 የሆነ ተራ ምላጭ በአንድ ወገን 120 ኪሎ ግራም ሲሳብ፣ ላይኛው መዘውር የሁለቱን ወገን 240 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በማሽኑ ላይ የተቀረጸው ምልክት ግን የሚናገረው ስለ ሞላው መታመቅ እንጂ ስለ ምላጩ አይደለም፤ ሞላው በዕድሜ ብዛት ሲደክም ምልክቱ ከእውነተኛው ውጥረት አብልጦ ያሳያል። የታመነው መንገድ የምላጩን መርዘም መለካት ነው፦ ምላጩ ልቅነቱ እስኪጠፋ ብቻ ተስቦ፣ በላዩ የ50 ሴንቲሜትር ርቀት ተለይቶ ሲወጠር፣ ይህ ርቀት በ0.25 ሚሊሜትር ከጨመረ 10 ኪሎ ግራሙ ደርሷል ማለት ነው። ምላጩን በጣት ወደ ጐን ገፍቶ መፍረድም የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን ፍርዱ እንደ ገፊው ጣት ይለያያል። ሙቀትም ሊታሰብ ይገባል፤ ምላጩ በ10 ዲግሪ ሲግል በሜትር 0.12 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ሞላው ካልተከተለው በቀር ከተራው ውጥረት ሩብ የሚያህለው ይጠፋል።

በሐዋሳና በአካባቢዋ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የተቈረቈረችው፣ ዛሬ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ፣ በደን ትምህርት ስሙ የታወቀው የወንዶ ገነት ኮሌጅ ጎረቤት ናት፤ ኮሌጁም ዛሬ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዋሐደ ነው። በዚህ አገር ከሚተከሉት ዛፎች የፈረንጅ ጥድ ሙጫው ከሰጋቱራ ጋር ተቀላቅሎ በመዘውሩ ገጽ ላይ ሲጋገር ምላጩን ያስዘልላል፤ ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ ጥፋቱን በውጥረቱ ላይ ያላክካል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በቁመቱ ያጠራቀመውን የዕድገት ጫና ሲሰነጠቅ ስለሚለቅ፣ ጣውላው ተጣምሞ ምላጩን ይነክሳል፤ በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ሽብልቅ ማስገባት እንጂ ቪቴ ማጥበቅ አይደለም።

ጥንቃቄ

ውጥረቱ የሚስተካከለው ሞተሩ ከመብራት ከተለየ በኋላ ነው። ማታ ቪቴውን ማላላት ይገባል፤ የጋለው ምላጭ ሲቀዘቅዝ ያጥራልና።