ግላኮማ፦ ሳይታወቅ ብርሃን የሚነጥቅ የዓይን ሕመም

በደሴ ሰኞ ገበያ በሰው ግፊያ መካከል የሚያልፍ ሰው ፊት ለፊቱን ብቻ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ የሚመጣውንም ማየት ይኖርበታል። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነጥቀው ይህንኑ የጎን እይታ ነው።

በዓይን ውስጥ ዘወትር እየመነጨ በጥቃቅን መውጫዎች የሚፈስ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብ ወይም ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ጤናማ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ሲያልፍ፣ ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውንና አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ያሉትን የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ግፊታቸው ሳይጨምር ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም ስላሉ፣ በምርመራ ወቅት ግፊቱም ነርቩም ይታያል።

በብዛት የሚያጋጥመው የግላኮማ ዓይነት ሕመም የለውም። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍንም ታማሚው ለዓመታት ላያውቀው ይችላል። ውሎ አድሮ ግን ደረጃ ሲወርድ መደናቀፍ፣ ከጎኑ ከመጣ ሰው ወይም ከብት ጋር መጋጨት ይጀምራል። በመጨረሻም እይታው በቀዳዳ አሻግሮ እንደማየት ይጠብባል።

ብዙዎች የዓይን መድከምን ሁሉ «ሞራ ነው፤ እስኪበስል ልጠብቅ» በማለት ይዘገያሉ። በሞራ የተጋረደ ዓይን በቀዶ ሕክምና ብርሃኑ ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። ሕክምናው የሚታደገው የቀረውን ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል የግላኮማ ድርሻ 5 ነጥብ 2 በመቶ ነበር።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በወላጅ ወይም በእኅት ወንድም ግላኮማ ያለባቸው፣ ዓይናቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ እንዲሁም ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ግላኮማ በጠብታ፣ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ግፊቱን በመቀነስ ይታከማል። ጠብታው እይታን ስለማይጨምር «አልረዳኝም» ብሎ ማቋረጥ ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል። ድንገተኛ ከባድ የዓይን ሕመም፣ መቅላት፣ የእይታ መደብዘዝና ማስታወክ ሲያጋጥም ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ከሚሰጡ ተቋማት አንዱ ነው። ለገበያ ወደ ከተማ የሚመጣ አርሶ አደርም ሆነ የከተማው ነዋሪ፣ ዓይኑ ሳይደክም ቢመረመር ብርሃኑን ማቆየት ይችላል።