የሕመምተኛው ምስጢርና የሆስፒታሉ መዝገብ፤ ስለ ብሩክሊኑ ክርክር የቀረበ አጭር ጥናት

ሰው በታመመ ጊዜ ሰውነቱን ለሐኪም አምኖ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ሰውነቱን ሰጠ ማለት ፈቃዱን ጭምር ሰጠ ማለት አይደለም። ይህ አሳብ ዛሬ ለማንኛችንም ግልጽ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን መብቱ በቃል ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ በሥራ ላይ እስከ ዋለበት ጊዜ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ የሕመምተኛው መብት በሆስፒታል ውስጥ በተጣሰ ጊዜ ገብቶ ለማየትና ለመጠየቅ ሥልጣን ያለው ማን ነው? የሚለው ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን በ1963 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን የተነሣውን ክርክር መርጠናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከክርክሩ በፊት የነበረውን ሁኔታ መግለጽ ያስፈልገናል። በ1908 ዓ. ም. ወይዘሮ ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባሉ ሴት በኒው ዮርክ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፥ በማደንዘዣ ለመመርመር ብቻ ፈቅደው፥ ቀዶ ጥገና ግን እንዳይደረግባቸው ተናግረው ነበር። በአቤቱታቸው እንደ ገለጹት ግን፥ ሐኪሞቹ አደንዝዘው ዕጢውን አወጡት፤ ከዚያም ክንዳቸው ታሞ ጣቶቻቸው እስከ መቈረጥ ደረሱ። በ1914 ዓ. ም. የኒው ዮርክ ግዛት የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አየ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ፥ አካለ መጠን ያደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሁሉ በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት እንዳለው አስታወቁ። ሴትዮዋ ግን አልረቱም። ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ሆነ፥ ደግሞም ሐኪሞቹ በራሳቸው ኃላፊነት የሚሠሩ እንጂ የሆስፒታሉ አገልጋዮች ስላልሆኑ፥ ሆስፒታሉ በጥፋታቸው አይጠየቅም ተባለ። እንግዲህ መብቱ በወረቀት ላይ ታወቀ፤ ተጠያቂው ግን አልተገኘም። ይህም፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፥ እንደሚባለው ነው። ያው ፍርድ ቤት ሆስፒታል አይጠየቅም የሚለውን ልማድ የሻረው በ1957 ዓ. ም. ቢንግ የተባሉ ሴት ባቀረቡት ክስ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግዛት ሆስፒታል እንደ ማንኛውም አሠሪ ለሠራተኞቹ ጥፋት ተጠያቂ ሆነ።

የብሩክሊኑ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በስሎን ኬተሪንግ የነቀርሳ (ካንሰር) ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ቼስተር ሳውዘም፥ ሰውነት ባዕድ የነቀርሳ ሴሎችን እንዴት እንደሚከላከል ያጠኑ ነበር። ጤነኛ ሰው በመርፌ የገባበትን የነቀርሳ ሴል ቶሎ ሲያስወግድ፥ ነቀርሳ ያለበት ሰው ግን እንደሚዘገይ አስተውለዋል። መዘግየቱ የመጣው ከነቀርሳው ነው ወይስ ከጠቅላላው የሰውነት ድካም? ይህን ለመለየት ነቀርሳ የሌለባቸው፥ ነገር ግን በሌላ ደዌ የደከሙ ሰዎች አስፈለጓቸው። እነዚህንም ሥር የሰደደ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ይታከሙበት በነበረው በጁዊሽ ክሮኒክ ዲዚዝ ሆስፒታል አገኙ። የሆስፒታሉ የሕክምና ክፍል ኃላፊ ዶክተር ኢማኑኤል ማንደል ተስማምተው፥ በጁላይ ወር 1963 ዓ. ም. ለ22 ሕመምተኞች ሕያው የነቀርሳ ሴሎች ከቆዳቸው በታች በመርፌ ተሰጡ። ለሕመምተኞቹ የተነገራቸው፥ የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል እንደሚፈተንና በመርፌው ቦታ እብጠት ወጥቶ እንደሚጠፋ ብቻ ነበር። ነቀርሳ የሚለው ቃል አልተነሣም። ጥናቱም አስቀድሞ ለሆስፒታሉ የምርምር ኮሚቴ አልቀረበም።

አቪር ካጋን፥ ዴቪድ ሊክተርና ፔሪ ፈርስኮ የተባሉ ሦስት ወጣት ሐኪሞች በሥራው ለመተባበር እንቢ አሉ፤ በኦገስት ወርም ሥራቸውን ለቀቁ። ናዚዎች በእስረኞች ላይ ያደረጉት ሙከራና በ1947 ዓ. ም. በኑረምበርግ የተሰጠው ፍርድ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር።

ከአስተዳደር ቦርዱ አባሎች አንዱ የነበሩት ጠበቃ ሚስተር ዊልያም ሀይማን ወሬውን ሰምተው፥ የሕመምተኞቹ መዝገብ እንዲታያቸው ጠየቁ። ተከለከሉ። ከቀረቡትም ምክንያቶች አንዱ የሕመምተኞቹ ምስጢር መጠበቅ አለበት የሚል ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። የሕክምና ምስጢር የተደነገገው ለሕመምተኛው ክብር ነው። በዚህ ጉዳይ ግን እውነቱ ያልተነገራቸው ሰዎች ምስጢር፥ እውነቱን ላልነገሯቸው ሰዎች መከለያ ሆነ።

ሚስተር ሀይማን ክስ መሠረቱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ሁለተኛው ፍርዱን ገለበጠው፤ በመጨረሻም በ1965 ዓ. ም. የበላዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሳቸው ወሰነ። የቦርድ አባል ሆስፒታሉን በኃላፊነት ሊያስጠይቅ የሚችለውን ነገር መርምሮ ማወቅ ይገባዋል፤ የሕመምተኞቹ ስም ተሸፍኖ ሊቀርብ ስለሚችልም ምስጢራቸው አይነካም ተባለ። እኛ እንደሚመስለን ይህ ውሳኔ የ1957ቱን ፍርድ የሚያሟላ ነው። ሆስፒታሉ ተጠያቂ ከሆነ አስተዳዳሪው ማየት አለበት፤ ሳያይ እንዴት ይጠየቃል?

የሐኪሞችን የሥራ ፈቃድ የሚቈጣጠረው የኒው ዮርክ ግዛት የሬጀንቶች ቦርድም ከዚህ በኋላ የራሱን ውሳኔ ሰጠ። ሐኪሞቹ ሲከላከሉ፥ ሴሎቹ ጉዳት አያመጡም፤ ነቀርሳ የሚለው ቃል ግን ደካማ ሕመምተኛን በከንቱ ያስደነግጣል ብለው ነበር። ይህ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ የሕመምተኞቹ ሰውነት ሴሎቹን እንደ ጤነኛ ሰው ማስወገዱ ተገልጿልና። ቦርዱ ግን ሕመምተኛው እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል ሊያደርገው የሚችል ነገር ሁሉ ሊነገረው እንደሚገባ ወሰነ። ቃሉ የሚያስደነግጥ ከሆነ፥ ሊነገር የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሐኪሞች በማታለልና ለሙያው በማይገባ አድራጎት ጥፋተኞች ተባሉ። ፈቃዳቸው ለአንድ ዓመት እንዲታገድ ቢወሰንም፥ እገዳው ሳይፈጸም በአመክሮ ቆዩ። ዶክተር ሳውዘም በ1968 ዓ. ም. የአሜሪካ የነቀርሳ ምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከዚህም የሙያ ባልደረቦቻቸው ነገሩን ምን ያህል አቅልለው እንዳዩት ለመገመት ይቻላል።

የሆነ ሆኖ ክርክሩ ያለ ፍሬ አልቀረም። በ1966 ዓ. ም. ዶክተር ሄንሪ ቢቸር ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ ከነቀፏቸው 22 ጥናቶች አንዱ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፥ እርሱ በሚረዳው ገንዘብ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ አስቀድሞ በተቋሙ ኮሚቴ እንዲታይ አዘዘ። ነገር ግን ይኸው አገልግሎት ከ1932 ዓ. ም. ጀምሮ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ አካባቢ፥ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር አሜሪካውያን ሳያክምና እውነቱን ሳይነግር ይከታተል ነበር። ነገሩ ለሕዝብ የተገለጸው በ1972 ዓ. ም. ነው። የምርምር ኮሚቴዎችን በሕግ ያጸናው አዋጅም የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሌላውን እንዲቈጣጠር የተሾመው ራሱም ተቈጣጣሪ ያስፈልገው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ቊጥጥር ሐኪሙን ከመጥላት የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ካርዶዞ በ1914 ዓ. ም. የጻፉት መብት በብሩክሊን ሥራ ላይ የዋለው፥ ሦስት ሐኪሞች እንቢ ስላሉ፥ አንድ የቦርድ አባልም መዝገቡ ይከፈት ብለው ስለ ጸኑ ነው። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፥ ዳኛ ወይም የቦርድ አባል የሚሆን ይኖራል። በቦርድ የተቀመጠ እንደሆነ ወንበሩ የክብር መቀመጫ ብቻ አይምሰለው፤ ምስጢር ነው ተብሎ መዝገብ በተዘጋበት ጊዜም፥ የማን ምስጢር? ብሎ ይጠይቅ።