የብርሃን ሉህ ማይክሮስኮፕ

የብርሃን ሉህ ማይክሮስኮፕ ሕይወት ያላቸውን ናሙናዎች፣ በተለይም በማደግ ላይ ያለን ሽል፣ በፍጥነትና በአነስተኛ ጉዳት ለማንሳት የሚያገለግል የማይክሮስኮፕ ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ናሙናውን እንደ ወረቀት ሉህ በሳሳ ብርሃን ስለሚያበራ ነው።

የብርሃን ጉዳት

የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች የህዋስን ክፍሎች ለይተው ለማየት ፍሎረሰንት የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይጠቀማሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች ሌዘር ሲያርፍባቸው ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ሌዘር በህዋሱ ውስጥ ጎጂ ኬሚካሎች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ ፕሮቲኑም ቀስ በቀስ መብራቱን ያቆማል። ሽሉ ከተጎዳ ደግሞ የሚታየው ተፈጥሯዊ እድገት መሆኑ ያጠራጥራል።

በተለመደው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ አንድን ንብርብር ለማየት ከላዩና ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይበራል። ስለዚህ 100 ንብርብሮች ሲነሱ እያንዳንዱ ህዋስ 100 ጊዜ ያህል ብርሃን ያርፍበታል። ምስሉ ነጥብ በነጥብ ስለሚቃኝም ጊዜ ይወስዳል።

አሠራር

የብርሃን ሉህ ማይክሮስኮፕ ማብራትንና ማየትን ይለያል። አንዱ ሌንስ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ብርሃን ከጎን ያስገባል፤ ከዚህ በ90 ዲግሪ የተቀመጠው ሁለተኛው ሌንስ ምስሉን ይቀበላል። የሚበራው የሚታየው ንብርብር ብቻ ነው፤ ካሜራውም ንብርብሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያነሳል። ናሙናው በብርሃኑ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲንቀሳቀስ ባለ ሦስት አውታር ምስል ይገኛል።

ታሪክ

ከጎን የማብራት ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄንሪ ዚደንቶፕፍና ሪቻርድ ዚግሞንዲ በሠሩት አልትራማይክሮስኮፕ ተጀመረ። ዘዴው ለሕያው ሽል ጥናት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በጀርመን ሃይደልበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባልደረቦች ያን ሁይስከን፣ ኤርንስት ስቴልዘርና ሌሎች የሜዳካ ዓሣንና የፍራፍሬ ዝንብን ሽሎች በዚህ መንገድ አነሱ። በ2008 ፊሊፕ ኬለርና ባልደረቦቹ የዚብራፊሽ ሽልን የመጀመሪያ 24 ሰዓታት ቀርጸው የህዋሶቹን መከፋፈልና ጉዞ ተከታተሉ። በ2014 ኤሪክ ቤትዚግና ባልደረቦቹ ይበልጥ የሳሳ ብርሃን የሚጠቀም ስልት አቀረቡ።

ውስንነት

ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ህብረ ህዋስ ውስጥ ስለሚበተን ጥልቁ ክፍል ይደበዝዛል። ብርሃኑን የሚጋርድ ነገር ካለም በምስሉ ላይ የጥላ መስመር ይፈጠራል። አንድ ረጅም ቀረጻ በቴራባይት የሚቆጠር መረጃ ሊያመነጭ ስለሚችል ማከማቸቱና መተንተኑ ኃይለኛ ኮምፒውተር ይጠይቃል።